«ሃሎ» ያለ ሁሉ ሲኦል አይወርድም

ጤና ይስጥልኝ!

በሰላምታ የጀመርኩት ለወጉ ያህል አይደለም። የዛሬው ጉዳዬ ራሱ ሰላምታ ስለሆነ ነው። ሰላምታ ደግሞ ምን ያከራክራል? ትሉኝ ይሆናል። እኔም እስካለፈው ሳምንት ድረስ እንደዚያው ባይ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ምሽት፣ ለእራት ልንቀርብ ስንል በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናቸው። እኒህ ሴት ሰባ ዓመታቸውን ከደፈኑ ሰነባብተዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ኦፕሬተር ነበሩ። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰኩ፣ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። ሰፈር ውስጥ እንኳ ሲያወሩ ያ የሥራ ድምፃቸው አልለቀቃቸውም፤ ጥርት ያለ፣ ቁጥብ፣ ትሕትና ያልተለየው። ያን ዕለት ግን ያ ድምፅ የለም። ቡና ይፈላ ብንላቸው አይሆንም አሉ። እሳቸው ቡና እምቢ ካሉ ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «አንተ ዕድሜ ልክህን ቋንቋ ስታስተምር የኖርክ ሰው ነህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግን እውነቱን ንገረኝ፤ እንዳታባብለኝ።»

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲኦልን ስጠራ ነው የኖርኩት?»

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ፎቶ ኮፒው ከመደጋገሙ የተነሳ ፊደሉ ደብዝዟል። አነበብኩት። «ሄሎ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተገኘው «ሄል» ከሚለው ነው፤ «ሄል» ማለት ሲኦል ነው፤ ስለዚህ ስልክ አንሥቶ «ሄሎ» የሚል ሰው ሳያውቀው ሲኦልን ወደ ቤቱ ይጠራል፤ ንስሐ ይግባ ይላል። ወረቀቱ የታደለው አንድ አዳራሽ ውስጥ ከተደረገ ስብከት በኋላ ነው። የየትኛው እምነት እንደሆነ አልናገርም። ወሬው በአንድ ደጅ ብቻ የሚሰማ አይደለምና።

ስቄ ልሸኛቸው ነበር። ደግነቱ አልሳቅኩም። ምክንያቱም ነገሩ ገና ነበር።

የሴትዮዋ ልጅ ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አሠሪዎቿ ስልክ የሚፈቅዱላት በወር አንዴ ነው። በዚያ ሰሞን ቀኗ ደርሶ ደወለች። እናት አነሡት። አፋቸው ሠላሳ ዓመት የለመደውን ቃል ሊያወጣ ሲል ወረቀቱ ትዝ አላቸው። ዝም አሉ። ከወዲያ ልጅት «ሃሎ? ሃሎ? እማዬ?» ትላለች። ዝም። «ሃሎ! እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ልጃቸው ያንን ቃል ስትደጋግመው መስማቱ ጭራሽ አስደነገጣቸው። ስልኩን ዘጉት። እንግዲህ ያቺ ልጅ እስከሚቀጥለው ወር ድረስ፣ በሰው አገር፣ የሰው ወለል እየወለወለች፣ «እናቴ ምን ሆና ነው?» ስትል ትከርማለች።

እኔ የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በቃላት ሥርወ ምርምር ስም የፈጠረው ተረት እናትና ልጅን አቆራረጠ። ተረትን በተረትነቱ እወደዋለሁ፤ ለብዙ ዓመታት እንጀራዬም እሱ ነበር። ተረት «እውነት ነኝ» ብሎ የሰው ቤት ሲገባ ግን መታወቂያ ሊጠየቅ ይገባዋል። እስቲ እንጠይቀው።

መጀመሪያ ስለ «ሄል»። ይህ በእንግሊዝኛ ውስጥ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አንጋፋ ቃል ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ሥሩን ሲቆፍሩ የሚያገኙት «መሸፈን፣ መሰወር» የሚል ትርጉም ነው። ሙታን የሚሰወሩበት፣ ከዓይን የተከለለ ቦታ ለማለት ነው። ከዚሁ ሥር የበቀሉ ሌሎች ቃላትም አሉ። አንዱ «ሄልሜት» ነው፤ ራስን የሚሸፍን ቆብ። ሌላው «ሆል» ነው፤ ጣራ የተከደነበት ሰፊ ቤት፣ በእኛ አዳራሽ የምንለው። እንግዲህ ነገሩ በዝምድና ከሆነ፣ የሲኦል የአክስት ልጆች ሞተር ብስክሌት የሚነዳው ወጣት ጭንቅላቱ ላይ ያጠለቀው ቆብና ያ ስብከት የተሰበከበት አዳራሽ ናቸው ማለት ነው። «ሄሎ» ግን በዚህ የዘር ሐረግ ውስጥ የለበትም።

«ሄሎ» የመጣው ከጩኸት ነው። እንግሊዞች ከጥንት ጀምሮ «ሆላ»፣ «ሆሎ»፣ «ሃሎ» የሚሉ ጥሪዎች ነበሯቸው። አዳኝ ውሾቹን ሲያሯሩጥ ይለዋል፤ መንገደኛም ራቅ ብሎ የሚሄድን ሰው ሲያስቆም ይለዋል። ጀርመኖችም የዚህ ዘመድ የሆነ ጥሪ አላቸው። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሊቃውንት «ሄዶ ማምጣት» የሚል ትርጉም ካለው የጥንት ጀርመንኛ ግሥ ጋር ያዛምዱታል። ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ከማዶ ያለውን ባለ ጀልባ የሚጣራበት ነበርና። ዛሬ የምናውቀው አጻጻፍ በአሜሪካ ኅትመቶች ላይ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው። ያኔም ገና ሰላምታ አልነበረም። «እንዴ!» ወይም «አንተ ሰው፣ ስማኝማ!» እንደማለት ነበር።

ይህን መረዳት ለእኛ ከባድ አይደለም። ሰው ደጃፍ ቆመን «ቤቶች!» ስንል ሰላምታ መስጠታችን ሳይሆን ሰው አለ ወይ ማለታችን ነው። ጣና ዳር ቆሞ «ኧረ ባለ ታንኳ!» የሚል ሰውም ለባለ ታንኳው ጤና መመኘቱ አይደለም፤ አሻግረኝ ማለቱ ነው። «ሄሎ» ማለት እንግዲህ ይሄው ነው። «ቤቶች!» ማለት ነው። «ቤቶች!» ብሎ ሲኦልን የጠራ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ የደጅ ጥሪ እንዴት ብሎ የዓለም ሰላምታ ሆነ? ስልክ ነው ያደረገው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሽቦ ውስጥ የሰው ንግግር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1876 ነው። ስልክ ሲመጣ ግን አንድ ያልታሰበ ችግር ይዞ መጣ። ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ይተያያል። ዕድሜውን፣ ማዕረጉን፣ የፊቱን ሁኔታ አይቶ ሰላምታውን ይመርጣል። ሽቦው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ግን አይታይም። መስመሩ መሥራቱ፣ ሰው መኖሩ እንኳ በምን ይታወቃል? ቤል የመርከበኞችን ጥሪ መረጠ፤ «አሆይ!» ይባል አለ። ቶማስ ኤዲሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1877 ፒትስበርግ ውስጥ ለነበረ የአንድ ቴሌግራፍ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ጻፈ። የጥሪ ደወል የሚያስፈልገን አይመስለኝም፣ «ሄሎ» ቢባል ከ10 እስከ 20 ጫማ ርቀት ይሰማል የሚል ነበር ሐሳቡ። ይኸው ነው የ«ሄሎ» ምሥጢር። ኤዲሰን በዚያን ጊዜ የሚያስበው ስለ ሲኦል አልነበረም፤ ስለ ደወል ወጪ ነበር።

በተከተለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ ኒው ሄቨን በምትባል የአሜሪካ ከተማ የመጀመሪያው የንግድ የስልክ ማዞሪያ ተከፈተ። እዚያው ከተማ የታተመ የስልክ ማውጫ ደንበኞቹን ንግግር በምን እንደሚጀምሩ ሲያስተምር ያንኑ ጥሪ ነበር ያዘዘው። በዚያው ዓመት ቦስተን ውስጥ ኤማ ነት የተባለች ሴት የመጀመሪያዋ ሴት ኦፕሬተር ሆና ተቀጠረች። ከእርሷ በፊት ማዞሪያው ላይ የሚቀመጡት ደንበኛ የሚሳደቡ ጎረምሶች ነበሩ። ሥራው ወደ ሴቶች ዞረ፤ እነርሱም በዚያው ቃል «የሄሎ ልጃገረዶች» ተባሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ200 በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ኦፕሬተሮች ከአሜሪካ ጦር ጋር ፈረንሳይ ድረስ ዘምተው የጦር ሜዳውን ስልክ ሲያገናኙ ነበር። የዘማችነት መብታቸው በሕግ የታወቀላቸው ግን ስድሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። «አየህ፣» አሉ፣ «ኦፕሬተርን የሚያስታውስ ሰው የትም አገር የለም።»

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለኝ። ሰባኪውን ብቻ ብወቅስ ግፍ ይሆንብኛል። እኛ የተማርን ነን ባዮችም ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለንም። የኛው ተረት ግን ሲኦል የለውም፤ የፍቅር ተረት ነው። «ማርጋሬት ሄሎ የቤል ፍቅረኛ ነበረች፤ ስልኩን እንደሠራ መጀመሪያ የጠራው ስሟን ነው፤ እኛም በየቀኑ ስልክ ስናነሣ የምንጠራው የእርሷን ስም ነው» የሚለውን ያልሰማ ማን አለ? ሰርግ ላይ ይነገራል፤ የምረቃ ቀን ይነገራል። እኔም መምህር ሳለሁ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪው ሁሉ ሲያንቀላፋብኝ፣ ለማንቃት ብዬ አወራሁት። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ብቻ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ይሄ የት ነው የተጻፈው?» አለችኝ። የት ነው የተጻፈው? እንጃ! «ፈልጊና አምጪ፤ የቤት ሥራሽ ነው» ብዬ አለፍኳት። የቤት ሥራው የኔ ነበር።

ኋላ ፈልጌ ያገኘሁት እውነት ከተረቱ ይልቅ ልብ ይነካል። ቤል ያገባት ሴት ሜብል ሃባርድ ትባላለች። የተጋቡት እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1877 ነው። ሜብል ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች በያዛት ትኩሳት ጆሮዋን አጥታለች። የሚያናግራትን ሰው የምትሰማው ከንፈሩን አይታ ነው። ስልክን የፈለሰፈው ሰው ሚስቱን በስልክ ሊጠራት አይችልም ነበር! እንዲህ ያለ እውነት ተቀምጦ እኛ «ማርጋሬት ሄሎ» የምትባል የሌለች ሴት እንፈጥራለን። በሽቦው ያለፈው የመጀመሪያው ጥሪ ደግሞ ለፍቅረኛ አልነበረም። በሌላ ክፍል ለነበረው ለረዳቱ ለዋትሰን ነበር፤ ወዲህ ና ነው ያለው። የተማሪዋ ጥያቄ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። ወረቀቱን የበተነው ሰባኪም እንደ እርሷ ያለ አንድ ጠያቂ አዳራሹ ውስጥ ቢኖረው ኖሮ ለእርሱም ለእኛም ይበጀን ነበር።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የወረቀቱ ማስረጃ ምንድን ነው? ቃሉን መሰንጠቅ ብቻ! «ሄል» ሲደመር «ኦ»። ቃል መሰንጠቅ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ሊቃውንቶቻችን አንዱን ቃል ሰንጥቀው፣ አጥብቀውና አላልተው፣ ከሰሙ ወርቅ ያወጡበታል። ግን አንድ የቅኔ ተማሪ እንኳ «ቃሉ ይህን ወርቅ ስላስገኘልኝ የተወለደው ከዚህ ነው» አይልም። ጨዋታው ጨዋታ፣ ግሱም ግስ መሆኑን ያውቃል። በቅኔ ቤት ሕግ ያለው ጥበብ በእነዚህ ሰዎች እጅ ሕግ የሌለው ፍርድ ሆነ።

በእነርሱ ዘዴ እንሂድ ከተባለ የት እንደሚያደርሰን ልንገራችሁ። «ሰላም» የሚለውን ቃል ሰንጥቁት። «ሰ» እና «ላም»። በሉ እንግዲህ፣ ሰላም የሚባባል ሁሉ እርስ በርሱ ላም እየተባባለ ነው! ደግሞም በቅዱሳን ሥዕል ላይ በራሳቸው ዙሪያ የሚታየውን የብርሃን አክሊል እንግሊዞች የሚጠሩበት ቃል አለ። በእነርሱ ፊደል ሲጻፍ የእኛን «ሃሎ» ቁርጥ ነው። ታዲያ ስልክ አንሥቶ «ሃሎ» የሚል ኢትዮጵያዊ የቅዱሳንን አክሊል እየጠራ ነው ብዬ ወረቀት ብበትንስ? ያውም የኔው ወረቀት ሳይሻል አይቀርም፤ ቢያንስ እናት ልጇን እንዳታናግር አያደርግም። ግን እሱም ውሸት ነው። ውሸት ደግሞ ወደ ጽድቅ ቢያመለክትም ያው ውሸት ነው።

«ይሁን፤ ሄሎስ ከሲኦል አልመጣም። የእውነት ክፉ መነሻ ያለው ቃል ቢገኝስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲያውም ምሳሌ አለኝ። እትዬ ወረቀቱን አሳይተውኝ ሊሄዱ ሲነሡ ለልጄ ምን ያሏት ይመስላችኋል? «ቻው የኔ ቆንጆ!»

ቻው! ከጣሊያኖች የወረስነው፣ አያት ለልጅ ልጁ የሚለው፣ ሚኒስትሩም ሊስትሮውም የሚለው ቻው። የመነጨው ከቬኒስ ሰዎች አነጋገር ሲሆን «ባሪያዎ ነኝ» ማለት ነበር። ይሄ ተረት አይደለም፤ መዝገበ ቃላት ሁሉ የሚስማማበት ነው። እንግዲህ ጣሊያንን ሁለቴ ተዋግቶ የመለሰ ሕዝብ በየዕለቱ በጣሊያኖች ቋንቋ «ባሪያህ ነኝ» እየተባባለ ይለያያል ብዬ ብጮህ፣ ከሰባኪው የበለጠ ማስረጃ ይኖረኛል። ግን አልጮህም። ለምን? እትዬ ልጄን «ቻው» ሲሏት ባሪያሽ ነኝ እያሏት አልነበረማ! ደህና ሁኚ እያሏት ነው። እርሷም የሰማችው እሱኑ ነው። የቃል ትርጉም በተናጋሪውና በሰሚው መካከል ያለው ነው እንጂ ከዛሬ አምስት መቶ ዓመት በፊት መቃብር የገባው አይደለም።

የራሳችንን «አቤት» ተመልከቱ። በንጉሥና በዳኛ ፊት «አቤት! አቤት!» ተብሎ ፍትሕ የሚጠየቅበት፣ «አቤቱታ» የሚለውን ያተረፈልን ጩኸት ነው። ዛሬ ስልክ አንሥተን «አቤት» ስንል ማን ተበድሎ ነው? ማንም። ቃሉ ሥራ ቀይሯል፤ ሰውም ሥራ ይቀይራል።

መነሻው ቃሉን ያጸድቀዋል የሚሉ ካሉ ደግሞ ለእነርሱም አለኝ። እንግሊዞች ሲለያዩ የሚሉት «ጉድባይ» ከጊዜ ብዛት አጥሮ ነው እንጂ «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» የሚል ምርቃት ነበር። ዛሬ ወጣቶቻችን እሱንም አሳጥረው «ባይ» ይላሉ። በወረቀቱ ሎጂክ ከሄድን «ባይ» ያለ ሁሉ የእግዚአብሔርን ስም ቆርጦ የጣለ ከሐዲ ሊሆን ነው። ታዲያ ስለ ባይ ወረቀት የማይበተነው ለምንድን ነው? ሥርወ ቃሉ ስለማይታወቅ ነዋ! ወረቀቱ ከዕውቀት አልተነሣም፤ ከድምፅ መመሳሰል ነው የተነሣው።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ውግዘት የእኛ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997 በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ክሌበርግ የሚባል አውራጃ ባለሥልጣናት ተሰብስበው፣ «ሄሎ» ውስጥ ሲኦል ስላለ በምትኩ መንግሥተ ሰማያትን የሚጠራ «ሄቨኖ» የሚል ሰላምታ የአውራጃችን ይፋ ሰላምታ ይሁን ብለው ወስነዋል። ሐሳቡን ያመነጨው የአንድ ገበያ ባለቤት ነበር። አያችሁ አይደል? «የፈረንጅ ቃል ነው፣ ተጠንቀቁ» የሚሉን ሰዎች ማስጠንቀቂያውን ራሱን ከፈረንጅ ነው ያስመጡት። ያውም ሳይፈትሹ፣ ያለ ቀረጥ!

ስልክ በሰይጣን ሲጠረጠር በእኛ አገርም የመጀመሪያው አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ሳይዘረጋ፣ ስልክ ቤተ መንግሥት የገባ ጊዜ፣ ያለ አካል የሚናገረው ድምፅ የሰይጣን ነው ብለው የተቃወሙ ካህናት ነበሩ እየተባለ ይተረካል። እኔ በእነዚያ ካህናት አልፈርድም። ሰው ሳይታይ ድምፁ ሲመጣ አይተው ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ቢደነግጡ አያስገርምም። የዛሬው ሰባኪ ግን ኪሱ ውስጥ ስልክ ይዞ ነው የሚሰብከው። የዚያን ዘመን ሰው አለማወቁ ያስፈራዋል፤ የዛሬው ሰው ባለማወቁ ሌላውን ያስፈራራል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አንድ የማከብረው ተቃውሞ አለ። «ሄሎ ኃጢአት ነው» የሚል አይደለም። «ጤና ይስጥልኝ እያለን ሄሎን ምን አመጣው?» የሚል ነው። በዚህ እስማማለሁ። እንዲያውም ጨምሬ ልሟገትለት። የእኛ «እንደምን አደርክ» በስልክ ያስቸግራል። ወዲያ ያለው ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ፣ አንድ ይሁን ብዙ ሳይታወቅ «አደርክ» ይባል «አደርሽ»፣ «አደሩ» ይባል «አደራችሁ»? «ሃሎ» እዚህ አገር ሥር የሰደደው አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፤ ፆታም ማዕረግም አይጠይቅም። ግን «ጤና ይስጥልኝ» ደግሞ አይጠይቅም! ለሁሉም እኩል ነው። ያውም ጥሪ ብቻ ሳይሆን ምርቃት ነው፤ ሰጪው ሳይጠራ የሚታወቅበት ጸሎት ነው። እንግሊዞችም ከሺህ ዓመት በፊት «ጤነኛ ሁን» የሚል ሰላምታ ነበራቸው። «ዌስ ሃል» ይሉት ነበር። ጠፋባቸው። ዛሬ ርዝራዡ የሚገኘው በመጠጥ ስም ውስጥ ነው። እኛ የእኛን ገና አላጣነውም። እንያዘው። ግን ስንይዘው በራሱ ውበት እንያዘው እንጂ የጎረቤቱን ቃል ስም በማጥፋት አይሁን። ጤና ይስጥልኝን ለማስወደድ «ሄሎ»ን ሲኦል ማስገባት፣ የራሷን ጠላ ለመሸጥ የጎረቤቷን ጋን መርዝ ነው እንደምትል ባለጠላ መሆን ነው።

በመጨረሻ ለሰባኪው አንድ ነገር ልበል። እርስዎ የሚያስተምሩበት መጽሐፍ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ ነው። በቃል ላይስ ቢሆን በሐሰት መመስከር ይፈቀዳል? ደግሞ ምስክርነትዎ ቃሉን አልጎዳውም። «ሄሎ» ምን ይሆናል? ዓለም ሁሉ ሲለው ይውላል። የጎዱት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ከሰው ያገናኙ አንዲት ሽማግሌ ሴት ናቸው። በሥራቸው ተባርከው መኖር ሲገባቸው፣ እርስዎ ያንን ሁሉ ዓመት የኃጢአት ቆጠራ አደረጉባቸው። ሰው በእምነቱ ሊያምንዎ ሲመጣ አደራ ነው የሚሰጥዎ። አደራ ደግሞ ሳያጣሩ የሚያወሩበት መድረክ አይደለም።

ለእትዬ ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። ልጃቸው የምትደውልበት ቀን ገና ነው። «ታዲያ ሳነሣው መጀመሪያ ምን ልበላት?» አሉኝ።

«የፈለጉትን። ብቻ ያንሡት።»

እሳቸውን ከሸኘሁ በኋላ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። ገልበጥ ሳደርገው ግርጌው ላይ «ለበለጠ ማብራሪያ» ይልና የስልክ ቁጥር አለ። አሰብኩ፣ አሰብኩና ደወልኩ። አራቴ ጠራ። ከዚያ ጎርነን ያለ ድምፅ አነሣው።

«ሃሎ!» አለኝ።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩት። ከልቤ ነው የተመኘሁለት።